ከእጥበት በፊት ያሉት ዓመታት፦ የኩላሊት መድኃኒቶች እንዴት እዚህ ደረሱ

 ከሥራ ውላችሁ ቤታችሁ ሳትገቡ ስለ ኩላሊት ለመስማት መጥታችኋል። ከመካከላችሁ በራሱ ወይም በዘመዱ የደረሰ ነገር ያመጣው ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። የቀራችሁትም ብትሆኑ፣ የሕመምተኛ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መኪና መንገድ ዳር ቆሞ በድምፅ ማጉያ እርዳታ ሲጠየቅ ሰምታችኋል። በከተማችን ስለ ኩላሊት የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ መኪና ይጀምራል፤ ከእጥበት፣ ከንቅለ ተከላ፣ ከገንዘብ። እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝና ነገሩን ከዚያ ቀን በፊት ካሉት ዓመታት ልጀምረው። ሰውየው ገና ምንም ሳይሰማው፣ ሥራውን እየሠራ፣ ኩላሊቱ ግን ቀስ በቀስ እየደከመ የሚኖርባቸው አሥርም ሃያም ዓመታት አሉ። የመድኃኒቱ ታሪክ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ባለፉት አርባ ዓመታት የኩላሊትን መድከም የሚያዘገዩ መድኃኒቶች እንዴት እንደተገኙ ነው። በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ የሚል አንድ ነገር አለ፤ እሱን ይዛችሁልኝ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። የላብራቶሪ ወረቀቱን የሚያሳምር መድኃኒት ኩላሊቱን ላያድን ይችላል፤ ኩላሊቱን የሚያድነው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ወረቀቱን ያበላሻል። በቅድሚያ ከእባብ መርዝ ስለተገኘው መድኃኒት፣ ቀጥዬ ከፖም ዛፍ ሥር ስለመጣው፣ ከዚያ ስለከሸፉት እናገራለሁ። በመጨረሻም እኛ ዘንድ እንመጣለን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ከኩላሊቱ እንጀምር። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባ አንድ ቀጭን የደም ሥር፣ የሚያስወጣ ሌላ ቀጭን የደም ሥር አለው። መግቢያው ሲሰፋ ወይም መውጫው ሲጠብ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ከማጣሪያዎቹ ከፊሉን ሲገድል የቀሩት የሟቾቹን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። በ1980ዎቹ ባሪ ብሬነር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ቦስተን ውስጥ በአይጦች ላይ ያሳዩት ይህንን ነበር፤ አብዛኛው የኩላሊት ክፍሏ የተወገደባት አይጥ በቀረው ትሠራለች፤ የቀረው ግን ከአቅሙ በላይ በሆነ ግፊት ሲሠራ እሱም በተራው ይጠፋል። ጠላ ያጠለለ ሰው ነገሩን አይስተውም። ጨርቁን አጥብቀው ቢጨምቁት ጠላው ቶሎ ይወርዳል፤ ነገር ግን አተላው አብሮ ያልፋል፣ ጨርቁም ይሳሳል። በኩላሊት በኩል አብሮ የሚያልፈው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ነው። ሪቻርድ ብራይት በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል የኩላሊት ሕመምተኞችን ሽንት በማንኪያ ይዞ ሻማ ላይ በማሞቅ ይህንኑ ፕሮቲን ሲረጋ ያይ ነበር፤ ጽሑፉን ያሳተመው በ1827 ነው። ምልክቱ ከታወቀ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ እስኪያልፍ ድረስ ግን ሐኪም በእጁ ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረውም።

መድኃኒቱ የመጣው ማንም ካልጠበቀበት ቦታ ነው። ብራዚል ውስጥ ጃራራካ የሚባል እፉኝት አለ፤ የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ ይወርዳል። በ1960ዎቹ ሰርጂዮ ፌሬይራ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ በመርዙ ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ አወጣና ይዞት ወደ ለንደን፣ ወደ ጆን ቬን ቤተ ሙከራ ሄደ። ከዚያ ጅምር ተነሥተው ስኩዊብ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩት ዴቪድ ኩሽማንና ሚጌል ኦንዴቲ ካፕቶፕሪልን ቀመሩ። ካፕቶፕሪል በ1981 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ለደም ግፊት እንጂ ለኩላሊት አልነበረም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ይሰጥ የነበረው መጠን በጣም ከፍተኛ ስለነበር በአንዳንድ ታካሚዎች ሽንት ፕሮቲን ታየና ኩላሊት ይጎዳል የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ኋላ የኩላሊት ባለውለታ ሊሆን!

ካፕቶፕሪልና ዘመዶቹ፣ ማለትም ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና የመሳሰሉት፣ የሚሠሩት ያንን የመውጫ የደም ሥር በማስፋት ነው። መውጫው ሲሰፋ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ጫና ይረግባል፣ ፕሮቲኑም ይቀንሳል። ወሳኙ ማስረጃ የመጣው በ1993 ነው። ኩላሊታቸው መጎዳት የጀመረ 409 የስኳር ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ፤ ለ207ቱ ካፕቶፕሪል፣ ለ202ቱ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ተሰጣቸው። የሁለቱም ወገን የደም ግፊት በሌሎች መድኃኒቶች ጭምር ይጠበቅ ነበር። ክሬቲኒናቸው፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ በእጥፍ ያደገባቸው ካፕቶፕሪል ከወሰዱት 25፣ ካልወሰዱት 43 ሆኑ። የሞቱት፣ እጥበት የገቡትና ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሲደመሩ ደግሞ 23 ለ42። በሰው ታሪክ የኩላሊትን ጉዞ በክኒን ማዘግየት እንደሚቻል እንዲህ ባለ ጥርት ያለ ንጽጽር ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ኤናላፕሪል የሚያስላቸው ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ያ ደረቅ ሳል ብዙ ሰው መድኃኒቱን እንዲጥል አድርጓል። ለእነሱም መንገዱ በ2001 ተከፈተ። ሎሳርታንና ኢርቤሳርታን የማያስሉ ሆነው ተመሳሳይ ጥቅም እንዳላቸው በሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በፋርማሲ መስኮት በኩል ብዙ ጊዜ የሚመጣብን ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ግፊቱ ሲረግብ በየደቂቃው የሚጣራው መጠንም በጥቂቱ ይቀንሳል። የሚጣራው ሲቀንስ ክሬቲኒን ከፍ ይላል። ስለዚህ ሰውየው መድኃኒቱን ጀምሮ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲመረመር ወረቀቱ ከበፊቱ ብሶ ይወጣል። ወረቀቱን ይዞ ይመጣና «ይኸው፣ ኩላሊቴን እያበላሸው ነው» ይላል። ጎረቤትም ያንኑ ይነግረዋል፤ አንዳንዴም ጤና ባለሙያ ያንኑ ይነግረዋል። መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ክሬቲኒኑ ይወርዳል፣ ሁሉም ሰው ልክ ነበርን ይላል። ማጣሪያዎቹ ግን ወደ ቀድሞው ጫናቸው ተመልሰዋል። በዓለም አቀፍ መመሪያዎች መሠረት በመጀመሪያው ወር ክሬቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር መድኃኒቱን ለማስቆም በቂ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ካለ፣ ሐኪሙ ማየት አለበት። እርጉዝ ሴት ጨርሶ መውሰድ የለባትም፤ ብርቱ ተቅማጥና ትውከት የያዘውም ሰው እስኪሻለው ድረስ ስለማቆም ሐኪሙን ይጠይቅ። ከነዚህ ውጭ የማጣራት አቅም የመጀመሪያዋ ዝቅታ መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ናት።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ከ2001 በኋላ ወደ ሃያ ለሚጠጉ ዓመታት ለአብዛኛው የኩላሊት ሕመምተኛ ምንም አዲስ ነገር አልመጣም። የልብ ሕክምና በየዓመቱ ሲራመድ ኩላሊት ቆሞ ቀረ። አንዱ ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት ዋናው፣ የልብና የስኳር መድኃኒቶች ሲጠኑ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ውጤት ያበላሻሉ ተብለው ከጥናቱ መገለላቸው ነበር። ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

በሩ የተከፈተውም በጎን በኩል ነው። በ1835 ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት ፍሎሪዚን የተባለ መራራ ነገር ተለይቶ ወጥቶ ነበር። በ1880ዎቹ ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባለ ጀርመናዊ ይህን ለእንስሳት ሲሰጥ ስኳር በሽንታቸው እንደሚወጣ አየ። ኩላሊት በቀን 180 ግራም የሚሆን ስኳር አጣርቶ ሁሉንም መልሶ ወደ ደም ያስገባል፤ ፍሎሪዚን ያንን መመለስ ይከለክላል። ሆኖም አንጀት በደንብ ስለማይቀበለውና ተቅማጥ ስለሚያመጣ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። ኬሚስቶች አሻሽለው፣ ዛሬ በስም የምታውቋቸውን ካናግሊፍሎዚንን፣ ዳፓግሊፍሎዚንንና ኢምፓግሊፍሎዚንን ሠሩ። በአሜሪካ በ2013 እና በ2014 የተፈቀዱት ለስኳር በሽታ ነው። ያኔ ማንም ብዙ አልተደነቀም፤ ስኳርን የሚቀንሱት በመጠኑ ነበር፣ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

እዚህ ላይ አንድ የቢሮክራሲ ውሳኔ ትልቅ ሥራ ሠራች። ሮሲግሊታዞን የተባለ የስኳር መድኃኒት የድንገተኛ የልብ ሕመም ስጋት ይጨምራል የሚል ክርክር በ2007 ከተነሣ በኋላ፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 አዲስ የስኳር መድኃኒት ሁሉ ልብን እንደማይጎዳ በትልቅ ጥናት ይታይ አለ። ኩባንያዎቹ አጉረመረሙ፣ ወጪውም ብዙ ነበር። በመስከረም 2015 ስቶክሆልም ላይ የዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ የመጀመሪያው ውጤት ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ወጣ፤ ከ7,020 ሰዎች መካከል ኢምፓግሊፍሎዚን በወሰዱት ዘንድ በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት በ38 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ኩላሊታቸውም የደከመው በዝግታ ነበር። አይጎዳም ወይ ተብሎ ተጠየቀ፤ ይጠቅማል ተብሎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ኩላሊትን ራሱን የሚጠይቁ ጥናቶች ተከታተሉ። በ2019 ካናግሊፍሎዚን፣ በ2020 ዳፓግሊፍሎዚን፣ ቀጥሎ ኢምፓግሊፍሎዚን። የዳፓግሊፍሎዚኑን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ በስፋት ሊደርስ የሚችለው እሱ ነው። ከ4,304 ሰዎች አንድ ሦስተኛው ገደማ ስኳር በሽታ የሌለባቸው ነበሩ። ኩላሊቱ በግማሽ የደከመበት፣ እጥበት ደረጃ የደረሰ፣ ወይም በኩላሊትና በልብ ምክንያት የሞተ ሰው ተቆጠረ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 9.2 በመቶ፣ ካልወሰዱት 14.5 በመቶ። በሌላ አነጋገር 19 ሰዎች ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ያህል ቢወስዱት አንዱ ከዚህ ክፉ ነገር ይተርፋል። ለአሥራ ስምንቱስ? ብትሉኝ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለእነሱ ልዩነቱ አልታየም። በሕክምና ዓለም ግን እንዲህ ያለ ቁጥር እጅግ ጥሩ ከሚባሉት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ።

ይህ መድኃኒት የሚሠራው በሌላው ጫፍ ነው፤ የመግቢያውን የደም ሥር ያጠበዋል። ኤናላፕሪል መውጫውን ሲያሰፋ፣ ዳፓግሊፍሎዚን መግቢያውን ሲያጠብ፣ ማጣሪያው በሁለቱም በኩል ያርፋል። በጥናቱም አብዛኞቹ ታካሚዎች ከኤናላፕሪል ወይም ከሎሳርታን ወገን የሆነ መድኃኒት አብረው ይወስዱ ነበር። የመጀመሪያዋ ዝቅታም እዚህ ትመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች የማጣራት አቅም ከሌሎቹ በታች ይወርዳል፤ ከዓመት በኋላ የሁለቱ ወገን መስመሮች ይተላለፋሉ፤ መድኃኒቱን ያልወሰዱት ቁልቁል ሲቀጥሉ የወሰዱት በዝግታ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲህ ፊነሬኖንና ሴማግሉታይድ ለስኳር ሕመምተኞች ኩላሊት ተጨምረዋል፤ በሴማግሉታይድ በ2024 በታተመው ጥናት የኩላሊት ክፉ ውጤት በ24 በመቶ ቀንሷል።

አሁን ስለከሸፉት። ባርዶክሶሎን የሚባል መድኃኒት ነበር። የወሰደው ሰው የማጣራት አቅሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍ ይል ነበር፤ ወረቀቱ ያምራል፣ ታካሚው ይደሰታል፣ ሐኪሙም ተስፋ ያደርጋል። ከ2,000 በላይ ሕመምተኞችን የያዘው ትልቁ ጥናት በ2012 በድንገት ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የልብ መድከም በዝቶ ነበርና። ይህንን ከዳፓግሊፍሎዚን አጠገብ አስቀምጡት። አንዱ ቁጥሩን አሳምሮ ሰውን ጎዳ፤ ሌላው ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ኩላሊትን አቆየ።

ኢሪትሮፖይቲንም ከዚህ ወገን ነው፣ ምንም እንኳ እሱ ራሱ ታላቅ መድኃኒት ቢሆን። የደከመ ኩላሊት ይህን፣ ደም እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን፣ መሥራት ያቅተዋል። ጃፓን ውስጥ ታካጂ ሚያኬ ደም ማነስ ካለባቸው ሰዎች ያሰባሰበውን 2,550 ሊትር ሽንት ይዞ ከቺካጎው ዩጂን ጎልድዋሰር ጋር ሆርሞኑን አጣርተው በ1977 አወጡ፤ በ1989 መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። በየጊዜው ደም ይሰጣቸው የነበሩ የእጥበት ሕመምተኞች ከዚያ ተገላገሉ። ነገሩ ጥሩ ከሆነ ቢበዛ ይሻላል ተባለና ሄሞግሎቢንን ወደ ጤነኛ ሰው ደረጃ ማድረስ ተጀመረ። በ2006 የታተመ ጥናት 13.5 እንዲደርሱ የታሰቡትን 11.3 ላይ ከተጠበቁት ጋር ሲያወዳድር፣ ሞትና የልብ ችግር የበዛው በከፍተኛው ላይ ነበር። ኤናላፕሪልና ሎሳርታንን ደርቦ መስጠትም እንዲሁ ነው፤ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፣ ፖታሲየም ግን ከፍ ይላል፣ ኩላሊቱም በድንገት ሊመታ ይችላል። አሁንም ሁለቱ በአንድ ማዘዣ ተጽፈው ካገኛችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

እኛ ዘንድ እንምጣ። አገራችን የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አድርጋለች፤ የሚያኮራ ነው። ከንቅለ ተከላም ከእጥበትም በፊት ባሉት ዓመታት ግን ሥራው በኤናላፕሪል፣ በደም ግፊት ልኬትና በሽንት ምርመራ ነው የሚሠራው። እውነቱን ለመናገር ከአዲሱ መድኃኒት እጦት ይልቅ የሚያሳዝነኝ የአሮጌው በአግባቡ አለመሰጠት ነው። ርካሹ ኤናላፕሪል በትንሹ መጠን ተጀምሮ እዚያው ለዓመታት ይቆያል፤ የታየው ጥቅም ግን የተገኘው መጠኑ ታካሚው እስከሚችለው ድረስ ከፍ ሲል ነው። የስኳር ሕመምተኛ በየክትትሉ ስኳሩ ይለካል፤ ሽንቱ ውስጥ አልቡሚን መኖር አለመኖሩ ግን ሳይታይ ዓመታት ያልፋሉ። ዳፓግሊፍሎዚንን በተመለከተ፣ ሕንድ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ በ2020 ካበቃ ወዲህ ብዙ የሕንድ ፋብሪካዎች በርካሽ ያመርቱታል፤ የእኛም ገበያ ከሕንድ ብዙ መድኃኒት ስለሚያስገባ በሩ ክፍት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የዚህን ቤተሰብ መድኃኒቶች በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል።

አዲሱን መድኃኒት ለሚወስዱ አንድ ነገር ላክል፤ በውጭ አገር ጽሑፎች በብዛት የማይገኝ ነው። እኛ ጾመኞች ነን። በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ የማይቀምስ፣ በሕማማት መጨረሻ የሚያከፍል፣ በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሰው ዳፓግሊፍሎዚን ሲወስድ ፈሳሽ ያጥረዋል፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ የደም ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር አሲድ በደሙ ሊከማች ይችላል። ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የጀርባና የጉልበት ሕመም ሲመጣ ደግሞ ከየፋርማሲው የሚገዛው ዲክሎፌናክ አለ። ከኤናላፕሪልና ፈሳሽ ከሚያስወጡ ክኒኖች ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጥል ይችላል። ሻጩም እኛው ነንና ወቀሳው ለሙያ ጓደኞቼም ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁን የሚመለከት አንድ ነገርም አለ። እስከ 2021 ድረስ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የማጣራት አቅም ስሌት ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርግ ነበር። ዋሽንግተን ያለ ኢትዮጵያዊ ኩላሊቱ ከእውነተኛው የተሻለ መስሎ ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር፤ ለንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያበቃው ደረጃ ላይም ዘግይቶ ይደርስ ነበር። ስሌቱ ተቀይሯል፤ በ2023 ደግሞ የንቅለ ተከላ ማእከላት የጥቁር ታካሚዎቻቸውን የወረፋ ቀን መልሰው እንዲያስተካክሉ ታዘዋል። በአንጻሩ በ2010 የታወቀው አፖል 1 የተባለው ዘረመል አደገኛ ዓይነት፣ በምዕራብ አፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ለኩላሊት በሽታ ትልቅ ስጋት የሆነው፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከሞላ ጎደል የለም፤ ይህን እስራኤል ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በ2011 አሳትመዋል። ለዚያ ዘረመል የተሠራው ኢናክሳፕሊን በ2023 በጥቂት ሰዎች ላይ ሲሞከር የሽንት ፕሮቲናቸውን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ፕሮቲኑ ቀነሰ ማለት ኩላሊቱ ቆየ ማለት መሆኑን የሚለየው ትልቁ ጥናት ነው። የኛ ሰው ጥቁር ነህና ይህ መድኃኒት ላንተ ነው ከተባለ ግን አስቀድሞ የዘረመል ምርመራውን ይጠይቅ።

ከሁሉም ያነሰ የምናገረው ያለኝ እጥበት ላይ ላሉት ነው። ኩላሊታቸውን ከመድከም የሚያዘገይ መድኃኒት ለእነሱ ጊዜው አልፏል፤ የቀረው ጥያቄ ልባቸውን የሚጠብቅላቸው አለ ወይ የሚለው ነው። ስፓይሮኖላክቶን ይህን ያደርጋል ተብሎ ከ2,500 በላይ የእጥበት ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በ2025 የወጣው ውጤት ጥቅም አላሳየም። ዳፓግሊፍሎዚን እጥበት ላይ ላሉና ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው ይጠቅም እንደሆን የሚጠይቅ ጥናት ከኔዘርላንድስ ተነሥቶ ተጀምሯል። ስለዚህ እጥበት ላይ ላለ ዘመዳችሁ ኩላሊቱን መልሶ ያስነሣል ብሎ አንድ ክኒን የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ የእኔው ሙያ ባልደረባም ቢሆን፣ የትኛው ጥናት ላይ እንዳየው ጠይቁት። አሁን እናንተ ጠይቁኝ።